የጋፋቱ ባለ እጅ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር

ወደ ደብረ ታቦር አገር የሚጓዝ ሰው ስለ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሳይሰማ አያልፍም። ቁርጥማት የያዘውም፣ ቆዳው የታመመውም ፈውስ ፍለጋ ወደዚያ ይሄዳል። በዚያው አገር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለችውን የጋፋትን ኮረብታ ጠይቆ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። ስሟን የሚያውቅም ቢኖር የሚያውቃት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የፈሰሰባት ቦታ በመሆኗ ነው። ነገር ግን በጋፋት የሰፈሩት ባለ እጆች ከአገራቸው ሲነሡ መድፍ ለመሥራት አላሰቡም ነበር። አሳባቸው በእጃቸው ሠርተው ራሳቸውን መቻልና ለበጎ ሥራ የሌላ እጅ አለማየት ነበር። ይህ አሳብ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እንዴት እንደ ተጣመመ፣ ኋላም በሌላ አገር እንዴት እንደ ተቃና ከመካከላቸው የአንዱ ሰው ሕይወት ያሳየናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር ተወለደ። በወጣትነቱ በባዝል ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በክሪሾና ኮረብታ ላይ ወደ ነበረው ትምህርት ቤት ገባ። ይህን ትምህርት ቤት በ1840 የመሠረተው ክርስቲያን ፍሪድሪኽ ሽፒትለር የሚባል ሰው ነው። ሽፒትለር ከሌሎች የሚለይበት አሳብ ነበረው። ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ሰው ከአገሩ በሚላክለት ገንዘብ ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ ገንዘቡ በቀረ ቀን ሥራውም ይቀራል። ስለዚህ ተማሪው ከመጽሐፉ ጋር የእርሻንና የእጅን ሥራ ይማር፤ በሄደበትም አገር እንጨቱን እየጠረበ፣ ብረቱን እየቀጠቀጠ፣ በላቡ ይኑር የሚል ነበር። ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ዐሥራ ሁለት ማረፊያዎች ለማቋቋም ያሰበውም በእንዲህ ያሉ ሠራተኞች ተማምኖ ነው።

በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ቀደም ሲል በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ ተቀምጦ ስለ ነበረ ይህን አሳብ ደገፈ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ሲነግሡም ባለ እጆቹ እንዲመጡ ፈቃድ ተጠየቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰባኪ አልፈለጉም፤ ሙያ ያለው ሰው ግን አጥብቀው ይሹ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከመጡ በኋላ ዋልድማየር በ1858 ከአገሩ ተነሥቶ ተከተላቸው። ብዙም ሳይቆይ የዐፄ ቴዎድሮስ ታማኝ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። እናቷ የአገራችን ሴት ስለ ነበረች ዋልድማየር የአበሻ አማች ሆነ፤ አማርኛም ተማረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። በዚያን ዘመን፣ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ጊዜ፣ በአገራችን የእጅ ሥራ የተናቀ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ ተብሎ ይሰደብ፣ ቡዳ ነው እየተባለ ይሸሽ ነበር፤ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ ይባል ነበር። ሰው ሁሉ የእነርሱን ማረሻ ይዞ እያረሰ፣ የእነርሱን ሸማ ለብሶ እየዋለ፣ ከእነርሱ ጋር በጋብቻ መተሳሰርን እንደ ነውር ይቆጥረው ነበር። ታላቁ ንጉሥ ግን ባለ እጆቹን ልጆቼ እያሉ፣ የክብር ልብስና በቅሎ እየሸለሙ፣ በዋና ሰፈራቸው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋትን ሰጥተው አስቀመጧቸው። ወጣቶችም ከእነርሱ ሙያ እንዲማሩ አዘዙ። የብረት ሥራ በንጉሥ ፊት የተከበረበት ይህ ጊዜ በታሪካችን ትንሽ ነገር አይደለም።

በጋፋትም ሥራ ተጀመረ። ቤት ታነጸ፤ መንገድ ተጠረገ፤ ሠረገላ ተሠራ፤ የተበላሸ ጠመንጃ ታደሰ፤ ለሕፃናትም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባለ እጆቹ ለራሳቸው ኖረው ለሌላውም መትረፍ የቻሉ ይመስሉ ነበር። በዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የሽፒትለር አሳብ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ፍሬ አፈራ ብለን ታሪኩን በጨረስን ነበር።

ነገር ግን ይህ ትንሽ የሥራ ቤት አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ሥራውን የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ነበረ። ዋጋውን የሚከፍሉት ንጉሡ፣ መሬቱን የሰጡት ንጉሡ፣ ቀለቡን የሚያዝዙት ንጉሡ ነበሩ። ንጉሡ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት መድፍ ነበረ። በአንድ በኩል ግብፅና ቱርክ፣ በሌላ በኩል በየአውራጃው የሸፈቱ መኳንንት ከበዋቸው ስለ ነበረ፣ አገራቸውን አንድ ለማድረግ ያለ መድፍ አይቻልም ብለው አምነው ነበር። ባለ እጆቹም ይህን ሙያ አናውቅም አሉ። ንጉሡ ግን ሞክሩ ብለው አጥብቀው አዘዙ። ለአንድ ገዢ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን አልሠራም ለማለት ምን አቅም አለው?

እነርሱም ሞከሩ። ምድጃ ሠሩ፤ ቅርጽ አበጁ፤ ነሐስ አቀለጡ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በኋላ ግን ተሳካና ንጉሡ እጅግ ተደሰቱ። ከዚያ በኋላ የተጠየቀው መድፍ እየተለቀ ሄደ። በ1867 የፈሰሰው ሴባስቶፖል ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝን ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፉን ወደ መቅደላ ማስጎተት ጀመሩ። መንገዱን በየገደሉ እየጠረጉ፣ ራሳቸው ንጉሡ ድንጋይ እያነሡ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ አልፈው ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ዋልድማየርና ጓደኞቹም አብረው ተጓዙ፤ ነገር ግን ንጉሡ በአውሮፓውያን ላይ ያላቸው እምነት ስለ ጠፋ፣ የትናንት ተሸላሚዎች ዛሬ እንደ እስረኞች ሆነው ነበር።

መጨረሻው ለአንባቢ የታወቀ ነው። ሴባስቶፖል የውጊያውን ውጤት አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ዋልድማየር ከሚስቱ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ኋላ ከአገር ወጣ። ዐሥር ዓመት የደከመበት ጋፋት እንዳልነበረ ሆነ። ሙያው በአገሩ ሥር ሰድዶ አልቀረም፤ ምክንያቱም ጠብቆ የሚያቆየው ሌላ ገዢ፣ ሌላ ደጋፊ፣ ሌላ ባለቤት አልነበረውም። አሳዳሪው ሲወድቅ የሥራ ቤቱም ወደቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ያለፈውን እየተረከ በኖረ ነበር። ዋልድማየር ግን ገና 36 ዓመቱ ነበረ። ወደ ሊባኖስ ሄዶ በቤሩት አካባቢ በነበሩ ትምህርት ቤቶች ሲሠራ ቆየና በ1873 ብሩማና በምትባል ተራራማ መንደር የራሱን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ቀጥሎም ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ማኅበር ገባ። እነዚህ ሰዎች ጦርነትን ጨርሰው የሚቃወሙ፣ መሣሪያ መያዝን የማይፈቅዱ ናቸው። እንግዲህ የሴባስቶፖል አፍሳሽ ከነበሩት አንዱ ዕድሜው አርባ ሲያልፍ ጦርነትን ከሚጠሉት ጋር ተቈጠረ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በሽምግልናው የመጣ ነው። በሊባኖስ ተራራ አእምሮአቸው የታመመ ሰዎች በአንድ ገዳም ዋሻ ውስጥ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ይህን የመሰለው ነገር በእኛም አገር የማይታወቅ አይደለም። ዋልድማየር በሰንሰለት ፋንታ ሐኪም፣ በዋሻ ፋንታ አልጋ ሊሰጣቸው ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ጌታ አልፈለገም። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት በአውሮፓና በአሜሪካ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ለመነ። በ1896 ሥራውን የሚቆጣጠር ኮሚቴ በለንደን፣ የሚያስፈጽም ኮሚቴ በቤሩት ተቋቋመ። ሆስፒታሉም በሃይማኖትና በዘር ሳይለይ ሁሉን እንዲቀበል ተወሰነ። ቤቱ አስፉሪየ በምትባል ኮረብታ ላይ ተሠርቶ በ1900 ተከፈተ። ዋልድማየር በ1915 ሲሞት ሥራው አብሮት አልሞተም፤ ሆስፒታሉ እስከ 1982 ድረስ ለብዙ ሺህ በሽተኞች መጠጊያ ሆኖ ቆየ።

ሁለቱን ኮረብታዎች እናነጻጽር። ሠራተኛው አንድ ነው፤ በጎ ፈቃዱም ቢሆን በጋፋት ጊዜ አላነሰም። የተለየው አሠራሩ ነው። በጋፋት ገዢው አንድ ስለ ነበረ ምን ይሠራ የሚለውን የወሰነው ገዢው ነው። በአስፉሪየ ግን ሰጪው ብዙ፣ ሒሳቡ የሚመረመር፣ ዓላማው አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ሆነ ከሰጪዎቹ አንዱ ቢቀር ሥራው አይቆምም፤ አንዱም ተነሥቶ ሆስፒታሉን ወደ ሌላ ነገር ሊለውጠው አይችልም። በጎ ሥራን በእጅ ሙያ ለመደገፍ የሚያስብ ሰው ከቅን ልብ ቀጥሎ ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው፤ የምሠራውን የሚገዛኝ ማን ነው? እምቢ ማለትስ እችላለሁን?

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ከወረታ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ የአውራምባ ማኅበረሰብ በሽመና ሥራ ኖሯል። ወንዱም ሴቱም ይሸምናል፤ ሸማውን ለመጣው ሁሉ ይሸጣል፤ ከሚያገኘውም አረጋውያኑንና ችግረኞቹን ይጦራል። ቁጢት በጣሽ ተብሎ የተሰደበው ሙያ ሽማግሌ የሚጦር ሆነ ማለት ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጋፋት ስም በዘመናችን ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተሰጥቷል፤ ይህም ለዐፄ ቴዎድሮስ ምኞት የተገባ መታሰቢያ ነው። ነገር ግን በጋፋት ሌላ ምኞትም እንደ ነበረ አንርሳ። ባለ እጅ ተከብሮ፣ በላቡ ኖሮ፣ ከላቡ ለተቸገረ ማካፈል የሚለው ምኞት ገና ፋብሪካ አልተሠራለትም። ነገ ዲግሪያችንን ይዘን ወደየአውራጃችን የምንመለስ እኛ ተማሪዎች እጃችንን ከጭቃና ከብረት ካራቅን፣ ማን ይሠራለታል?