የዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍት

በአዲስ አበባ ከተማ ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ምድር ባቡር ጣቢያው የሚወርደው ሰፊ መንገድ ቸርችል ጎዳና ይባላል። በዚህ መንገድ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ፤ በአደባባዩም ሴባስቶፖል የተባለው የታላቁ መድፍ አምሳል ለመታሰቢያ እንዲሆን ተተክሎበታል። መንገደኛው ሁሉ ይህን አይቶ ንጉሡ መድፍ ወዳድ እንደ ነበሩ ያስባል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን እኒሁ ንጉሥ ለሥጋቸው ምቾት ጥቂት ብቻ የሚበቃቸው ሲሆኑ፥ ከመድፍ ሌላ በቤታቸው በብዛት ያከማቹት ሁለተኛ ሀብት ነበራቸው፤ እርሱም የብራና መጽሐፍ ነው። ስለ መድፉ ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ የመጻሕፍቱን ነገር እንናገራለን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ከድህነት ላይ ወደቁ፤ ኮሶ እየሸጡ ይኖሩ እንደ ነበርም ይነገራል። ጠላቶቻቸው ይህን ለስድብ ያደርጉት ነበር እንጂ፥ እናት ልጇን ለማሳደግ በመሥራቷ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሕፃኑም ለትምህርት በጎንደር አቅራቢያ ወደሚገኝ ገዳም ተሰጡ። ያን ገዳም ወራሪ ጦር ገብቶበት ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሲጠፉ ካሣ አምልጠው ወጡ። ከዚያም በቋራ በረሃ ባለው በማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንደ ተማሩ ይተረካል። ዳዊት የደገመ ልጅ ኋላ ሽፍታ ቢሆን፥ ጦር ቢመራ፥ ዘውድም ቢጭን የልጅነቱን መጽሐፍ አይረሳውም። የመሳፍንቱን ዘመን አስጨርሰው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ፥ ይህ የልጅነት ትምህርት በሥራቸው ሁሉ ይታይ ነበር።

ከነገሡም በኋላ አኗኗራቸው ከወትሮው የነገሥታት ልማድ የራቀ ነበር። ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ እንደ መሰከሩት፥ ልብሳቸው ከወታደሮቻቸው ልብስ የማይለይ ተራ ሸማ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እግራቸውን ይሄዱ ነበር። እንቅልፋቸው ጥቂት ሆኖ ሌሊት እየተነሡ የድሀውን አቤቱታ ይሰሙ ነበር። ቋሚ ቤተ መንግሥት አልነበራቸውም፤ ዕድሜያቸው ያለቀው በድንኳን ነው። እቴጌ ተዋበችን በቍርባን አግብተው፥ ሹማምንቱና ወታደሩም ቅምጥ ማኖር ትቶ በሕግ እንዲጋባ አዘዙ። እቴጌይቱ በ1850 ዓ.ም. ከዐረፉ በኋላ ግን የንጉሡ ጠባይ እየከፋ፥ ቁጣቸውም እየበረታ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ጭካኔ ለመሸፈን አንፈልግም፤ ይሁን እንጂ በዚያም ዘመን ቢሆን ለራሳቸው ጌጥና ድሎት ሲሹ አልታዩም። ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት መንገዱን በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ያበጁ ነበር።

እንዲህ ያሉ ሰው ታዲያ መጽሐፍን ለምን አከማቹ? በወሎ ዘመቻ የያዙትን የመቅደላን አምባ ምሽጋቸው፥ ግምጃ ቤታቸውና ወህኒ ቤታቸው አደረጉት። በዚያም በመድኃኔ ዓለም ስም ለተሠራው ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። ብዛቱ ወደ 1000 የሚጠጋ ሆነ። የብራና ሥራን የሚያውቅ ካህን የዚህን ቍጥር ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ወንጌል ለመጻፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፋቃል፥ ይወጠራል፥ ይደርቃል፥ ይሰመራል፤ ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቁም ጸሐፊው ወራት ይፈጅበታል፤ ከዚያም በዋንዛ ገበታ ተጠርዞ፥ ማኅደር ተሰፍቶለት ከግድግዳ ይሰቀላል። ለአንድ ደብር አሥርና ሃያ መጽሐፍ ማግኘት ታላቅ በረከት በነበረበት ዘመን፥ በአንድ አምባ አንድ ሺህ መገኘቱ በአገራችን ብዙ ጊዜ ያልታየ ነገር ነው። ወንጌሉ፥ ዳዊቱ፥ ተአምረ ማርያሙ፥ ድርሳኑና ገድሉ፥ ፍትሐ ነገሥቱና ክብረ ነገሥቱ ሁሉ ነበረ። ንጉሡ የራሳቸውን ዘመን ታሪክም አላስቀሩም፤ ደብተራ ዘነብ በአማርኛ ጻፈላቸው፤ ከዚያ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል በግዕዝ ይጻፍ ስለ ነበር ይህ አዲስ መንገድ ነበር።

አሁን የሚከብደውን ነገር እንናገር። እነዚህ መጻሕፍት ከየት መጡ?

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከካህናቱ ጋር በርስተ ጉልት ነገር ተጋጩ። ሐሳባቸው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት እንዲበቁት፥ የቀረው መሬት ለግብርና ለወታደር እንዲውል ነበር። ለራሳቸው የወሰኑትን ትንሽ ኑሮ በቤተ ክርስቲያንም ላይ ሊያጸኑ አሰቡ ማለት ነው። ካህናቱ ግን እንቢ አሉ። መሬቱን ይዞ ተማሪ የሚያበላ፥ ድሀ የሚቀብር፥ ማኅሌት የሚቆም አገልጋይ ሁሉ በዚያ ቍጥር ውስጥ እንዴት ይገባል? በዚህም ምክንያት በንጉሡና በቤተ ክርስቲያን መካከል የነበረው ፍቅር ፈረሰ፤ ቀብተው ያነገሡአቸው አቡነ ሰላማም በመቅደላ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ በጎንደር ከተማ ተቈጥተው ዘረፉአት፥ አቃጠሉአትም። ከጥቂቶቹ በቀር አብያተ ክርስቲያናቱ ጠፉ፤ ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ እየተጫኑ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት እጅግ ብዙው ክፍል የጎንደር አድባራት ሀብት ነበር።

አንዳንድ ሰው መጻሕፍቱ ከእሳት ዳኑ ይላል። እሳቱን ያነደደው ማን ሆነና! በእኛ አስተያየት ንጉሡ መጽሐፍን መውደዳቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ በየደብሩ ተበትኖ ሳለ አንባቢው፥ መምህሩና ተማሪው አብረውት ነበሩ፤ በአምባው ላይ ሲከማች ግን ብዙ ሆኖ ሳለ የሚያነበው ጥቂት ሆነ። ከዚህም በላይ ቀድሞ በአርባ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ሀብት ባንድ ስፍራ ሲሆን፥ አንድ ቀን የመጣ ጥፋት ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያገኘዋል። ይህም አልዘገየም።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት መጣ። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ንጉሡ በቁጣ ብዙ እስረኞችን በገደል አስጣሉ፤ ወዲያውም ተጸጸቱ ይባላል። ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዓርብ፥ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። በጋፋት የተቀለጠውና ከደብረ ታቦር ለመጎተት ግማሽ ዓመት ያህል የፈጀው ሴባስቶፖል ድልን አላስገኘም። ከንጉሡ ሁለት መዝገቦች አንደኛው በዚህ አለቀ። በትንሣኤ ማግሥት ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ እንግሊዞች ወደ አምባው ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን ከምሰጥ ብለው ሽጕጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን ይህን አሟሟት አታስተምርም፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በሐዘንና በአድናቆት ያወራዋል።

ወታደሮቹ ግምጃ ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ዘረፉ። የአቡነ ሰላማ መቃብር ሳይቀር ተከፈተ። ብራናው፥ መስቀሉ፥ ጽዋው፥ ልብሰ ተክህኖው ከአምባው እስከ ሰፈሩ ድረስ በሜዳ ላይ ተበትኖ ታየ። ከዚያ በኋላ አምባው በእሳት ተቃጠለ፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ከሌላው ጋር ነደደ። ምርኮውን ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 የሚያህሉ በቅሎዎች አስፈለጉ። በደላንታ ሜዳ ሁለት ቀን ሐራጅ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ገንዘብ ይዞ ነበርና ለሙዚየሙ የሚሆነውን መረጠ፤ ለራሱም ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የነገሥታት ሥዕል ወሰደ። 350 ያህል መጻሕፍት ወደ ለንደን ሄዱ። ከቀሩትም ብዙዎቹ ጦሩ ሲመለስ በትግራይ ለጨለቆት ሥላሴ ካህናት ተሰጡ። ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅም ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐርፈው በዚሁ በጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለ በዚያ ሞተ።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከነገሡ በኋላ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን ጠየቁ። ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ፤ ሙዚየሙ ከነበሩት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ግን አንደኛውን መለሰ። ከተወሰደው ሁሉ በዚያ ዘመን የተመለሰው ዋናው ይኸው አንድ መጽሐፍ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1994 ዓ.ም. በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ የመቅደላ ታቦት በክብር ወደ አገሩ ገብቷል፤ የአዲስ አበባ ሕዝብም በእልልታ ተቀብሎታል። መጻሕፍቱ ግን ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹን የሚገልጥ ሰው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል የባለቤትነት ጽሑፍ ያገኛል። በዚያ የተጻፈው ስም የመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብቻ አይደለም፤ የጎንደር አድባራት ስም፥ መጽሐፉን አስጽፈው የሰጡ ምእመናን ስም፥ እንዲሁም መጽሐፉን ከዚያ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው ሰው ላይ ካህናቱ የጻፉት ውግዘት ነው።