ዶክተር ሉዊስ ሊኪ እና የጎርጎራው ዋሻ

በጥንተ ሰው ጥናት ስማቸው ገናና የሆነው ዶክተር ሉዊስ ሊኪ እ.ኤ.አ. በ1903 በናይሮቢ አቅራቢያ በምትገኘው ካቤቴ ከእንግሊዛውያን ሚስዮናውያን ተወለዱ። ከኪኩዩ ልጆች ጋር ያደጉ በመሆናቸው ቋንቋቸውን አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሲመለሱ፣ ብዙ ምሁራን የሰውን ልጅ መነሻ በእስያ በሚፈልጉበት ዘመን እርሳቸው አፍሪካን መረጡ።

ዝናቸው የናኘው ባለቤታቸው ሜሪ ሊኪ እ.ኤ.አ. በ1959 በታንዛኒያው ኦልዱቫይ ባገኙት የራስ ቅል ነው። ከአገራችን ጋር ያስተሳሰራቸው ሥራ ግን ከዚያ 16 ዓመት ይቀድማል። ከጎጃም ደጋ ተነሥቶ ከባሕር ዳር በጀልባ ጣናን ያቋረጠ መንገደኛ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራን ያገኛል። በዚያ ሞይሲ የተባሉ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ጥልቅ ያልሆነ፣ ከላይ አለት የከደነው መጠለያ ቆፍረው የድንጋይ መሣሪያዎችን አወጡ። በናይሮቢ ሙዚየም ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ሊኪም መሣሪያዎቹን መርምረው የጥናታቸውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1943 አሳተሙ። ከመካከላቸው በጥንቃቄ ተጠርበው ጫፋቸው የሾለ፣ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሥራዎች ይገኙበታል።

እንዲህ ባለ ስፍራ ድንጋዩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዘመኑንና አብሮት የነበረውን ኑሮ የሚያስረዳው የተገኘበት የአፈር ንብርብር ነው፤ ንብርብሩ ያለ ጥናት ከተበተነ ደግሞ መልሶ ማስተካከል አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቁፋሮን በፈቃድ ብቻ እንዲካሄድ ያደረገው፣ እርሻ ሲያርስም ሆነ መሠረት ሲያወጣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው። (በአካባቢው ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለዚህ ቅርብ ነው፤ ዕቃውን ከቦታው ሳያነሡ ማመልከት ይመረጣል።)

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዶክተር ሊኪ ጋር በተገናኙ ጊዜ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የሚገኘው ቅሪት በኢትዮጵያ ያልተገኘው ስለምን እንደሆነ ጠየቋቸው። ከጥያቄው በኋላ ፈቃድ ተሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ1967 የኬንያ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ቡድኖች ኦሞ ሸለቆ ገቡ። የኬንያውን ቡድን የመሩት ልጃቸው ሪቻርድ ነበሩ። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪት በቅርብ በተደረገ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ተገምቷል።

ዶክተር ሊኪ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1972 በለንደን ዐረፉ። ድንቅነሽ በሐዳር የተገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።