ቶማስ ላታ፤ የሊዝ ወደብ ሐኪም

ዶክተር ቶማስ ላታ በ1819 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ ከከተማዪቱ አጠገብ ባለችው በሊዝ ወደብ በሐኪምነት ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ከአገራቸው ወሰን አሳልፎ ያስጠራው የ1832ቱ የኮሌራ ወረርሽኝ ነው።

በሽታው በ1831 መገባደጃ በሰንደርላንድ በኩል ወደ እንግሊዝ በገባ ጊዜ ሐኪሞች ይታመኑበት የነበረው ካሎሜል፣ ኦፒየምና ደም ማፍሰስ ነበር። ውሃው በተቅማጥና በትውከት ካለቀበት ሰው ላይ ደሙን ደግሞ መቅዳት፣ ዛሬ ሲያስቡት የሚዘገንን ቢሆንም፣ ያን ጊዜ የታወቀ ሥርዓት ነበር። ወጣቱ አየርላንዳዊ ዊልያም ኦሾኔሲ የሕሙማኑን ደም መርምረው ውሃና ጨው እንደጎደለው አረጋገጡ፤ የጎደለውም በደም ሥር ሊመለስ እንደሚገባ ላንሴት በተባለው መጽሔት አሳሰቡ።

ሐሳቡን በሥራ ላይ ያዋሉት ላታ ናቸው። በመጀመሪያ ፈሳሹን በትልቁ አንጀት በኩል ቢሰጡ ጥቅም አላገኙበትም። ከዚያ በኋላ የተለመደው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮላት ትርታዋ የጠፋ አንዲት አሮጊት ዘንድ ቀርበው፣ በክንዷ ደም ሥር ውስጥ ቀጭን የብር ቱቦ አስገብተው ጥቂት ጨውና ሶዳ የተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ በመርፌ መሣሪያ ይገፉ ጀመር። ለጊዜው የታየ ለውጥ አልነበረም። ቀጥሎ ግን ትንፋሿ ቀለለ፤ የጎደጎደው ዓይኗ ነፍስ ዘራ፤ ትርታዋ ተመለሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሊትር ያህል ከገባላት በኋላ ሕመሙ እንደለቀቃትና እንቅልፍ ብቻ እንደሚያሻት ተናገረች።

ላታ ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ብለው ሄዱ። ተቅማጡና ትውከቱ ግን ወዲያው ተመለሰ፤ ሴትዮዋም ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች። ፈሳሹ ቢደገምላት ኖሮ ትድን እንደነበር ላታ ከቶ አልተጠራጠሩም። ከዚያ ወዲህ የፈሰሰው እየታየ፣ ሕመምተኛው በዛለ ቁጥር ደግመው ደጋግመው መስጠትን ያዙ፤ ከሞት አፋፍ የተመለሱም ነበሩ።

ውህዱ ከደም ይልቅ ጨው ያነሰው ነበር፤ ተሕዋስያንም ገና አልታወቁም ነበርና ንጽሕናው አይታመንም። ከሁሉ የከፋው ግን ዘዴው የሚሞከረው ተስፋ በተቆረጠባቸው ላይ መሆኑ ነው፤ ነቃፊዎችም የእነዚህን ሰዎች ሞት በዘዴው አመካኙ። ላታ በ1833 አረፉ፤ ወረርሽኙም ሲበርድ ሥራቸው ተረሳ። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ የኮሌራን ሞት በጉልህ የቀነሰው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሌናርድ ሮጀርስ በካልካታ ጨው የበዛበትን ፈሳሽ አብዝተው መስጠት ከጀመሩ በኋላ ነው።