ፓውል ኤርሊኽና የሴል ገጽ

ፓውል ኤርሊኽ በ1854 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሲሌዥያ፣ ሽትሬለን በተባለች ከተማ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ ቀልቡን የሳበው ቀለም ነበር። የጀርመን ፋብሪካዎች ከከሰል ሬንጅ ያወጧቸው የነበሩት ማቅለሚያዎች አንዱን ሴል አቅልመው ሌላውን የሚተዉበት ምክንያት ዕረፍት ነሣው። በ1878 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍም በዚሁ ላይ ነው። ቀለም ከሴል ጋር የሚያያዘው በኬሚካል ዝምድና ነው የሚለውን እምነት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም።

የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ወደ ግብፅ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ የዲፍቴሪያ ሴረም ጉዳይ እጁ ገባ። ቤሪንግ የመሠረተው ሕክምና ሕፃናትን ያድን ነበር፤ ሆኖም የአንዱ ሴረም ብርቱ፣ የሌላው ደካማ ስለ ነበረ ሐኪሙ የሚሰጠውን መጠን በእርግጥ አያውቅም። በ1897 ኤርሊኽ አንድ ሴረም ደርቆ አየር በሌለበት ብልቃጥ እንዲጠበቅ፣ የሌላው ሁሉ ኃይልም በእርሱ እንዲለካ አደረገ። መለኪያ የሌለው ሥራ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ከኖቤል ሽልማቱ አሳንሶ አያየውም።

በዚያው ጽሑፍ የጎን ሰንሰለት ንድፈ ሐሳቡን ገለጸ። በሴል ገጽ ላይ ሰንሰለቶች አሉ፤ መርዝ ሲይዛቸው ሴሉ የጎደለበትን ከመጠን አብልጦ ይተካል፤ የተረፈውም ወደ ደም ፈስሶ ፀረ እንግዳ አካል ይሆናል። ቦርዴ አጥብቆ ተቃወመው። ኋላም ላንድሽታይነር በተፈጥሮ ፈጽሞ በማይገኙ ኬሚካሎች ላይ እንኳ ፀረ እንግዳ አካል እንደሚፈጠር ሲያሳይ፣ ሴል ለዚህ ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል ማለት የማይታመን መሰለ። ኤርሊኽ ግን በ1908 ከሜችኒኮፍ ጋር ተሸልሞ፣ በ1910 የቂጥኝን መድኀኒት ሳልቫርሳንን ለዓለም አበርክቶ፣ በ1915 በባድ ሆምቡርግ ዐርፎ ነበር። ሐሳቡም ለብዙ ዓመታት ተረሳ።

ያነሣው የጥንቸል ደም ነው። በ1956 ኡዳን የጥንቸሎች ኢሙኖግሎቡሊን ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው በሚለያይ ውርስ ምልክት እንደሚታወቅ አሳየ። በ1965 ጌልና ባልደረባው ያንኑ ምልክት የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በጥንቸል ሊምፎሳይቶች ላይ ቢጨምሩ ሴሎቹ ገዝፈው ለመከፋፈል ተነሡ። ምልክቱ በገጻቸው ላይ ባይኖር ኖሮ የሚያዝ ነገር ባልተገኘ ነበር።

ኤርሊኽ የሳተው አንድ ሴል ብዙ ዓይነት ሰንሰለት ይሸከማል ማለቱ ላይ ነው፤ ሊምፎሳይት የሚሸከመው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ በሚያበራ ቀለም የተደረጉ ምርመራዎች ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩ፦ ፀረ እንግዳ አካሉ ሲይዛቸው በገጹ ላይ ተበትነው የነበሩት ኢሙኖግሎቡሊኖች በአንድ ጫፍ እንደ ቆብ ይከማቻሉ፤ ወደ ውስጥም ይዋጣሉ። ገጹ ለጥቂት ሰዓታት ባዶ ይቀራል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ከተወገደ ግን ሴሉ የጎደለበትን እንደገና ይተካል።