ፔድሮ ፓኤዝ፤ ቋንቋ የተማረ ግንበኛ

በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ስለተሠሩት ጥንታዊ ግንቦች በተወሳ ቁጥር ስሙ ሳይጠራ የማይታለፍ አንድ የውጭ አገር ሰው አለ፤ እሱም የእስፓኝ ተወላጅ የሆነው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በሃይማኖት ሰባኪነቱ፣ የጂኦግራፊ ሊቃውንትም የግልገል ዓባይን ምንጭ በማየቱ ሲያነሡት ኖረዋል። በግንባታና በማስተማር ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ግን በሌላ ወገን ልንመለከተው ይገባል። ምክንያቱም አንድ ባለሙያ ወደማያውቀው ሕዝብ ሄዶ ሙያውን ከማሳየቱ በፊት ምን መማር እንዳለበት፣ ይህም ትምህርት ለምን ዓላማ ሊውል እንደሚችል የዚህ ሰው ሕይወት ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓኤዝ በ1564 ከማድሪድ ብዙም በማይርቅ ኦልሜዳ በሚባል መንደር ተወለደ። በ1582 ወደ ማኅበሩ ገባ፤ በ1588 ወደ ሕንድ፣ ወደ ጎዋ ተላከ። በማግሥቱ ዓመት አንቶኒ ሞንሴራት ከሚባል አረጋዊ ባልደረባው ጋር ነጋዴ መስሎ ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ቢጀምርም፣ በ1590 በደቡብ ዐረቢያ ጠረፍ ተማረከ። ከዚያም በሐድራሞት በረሃ አቋርጦ ወደ ሰንዓ ተወሰደ። በእስር ቤት ማቀቀ፤ በሞካም በሰንሰለት ታስሮ የመርከብ መቅዘፊያ እንዲጎትት ተደረገ። ካሳ ተከፍሎለት ነጻ የወጣው በ1596 ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እነዚህን ዓመታት የባከኑ ይላቸው ነበር። እሱ ግን ዐረብኛ ተማረባቸው።

በ1603 እንደገና ተነሥቶ፣ የአርመን ሰው መስሎ በምፅዋ በኩል ገባ፤ በትግራይ ከዐድዋ አቅራቢያ ባለችው ፍሬሞናም ተቀመጠ። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ከፖርቱጋል ወታደሮችና ከኢትዮጵያውያት እናቶች የተወለዱ ቤተሰቦች ነበሩ። እዚህ ላይ የሰውዬው ጠባይ መታየት ይጀምራል። ወደ ቤተ መንግሥት ከመሮጥ ይልቅ ዐማርኛና ግእዝ ለመማር ተቀመጠ። የፖርቱጋል ተወላጆች አለቃ በነበረው በዡዋን ጋብርኤል ረዳትነት በፖርቱጋልኛ የተጻፈውን የሃይማኖት ትምህርት ወደ ዐማርኛ መለሰ፤ ልጆችንም በጥያቄና መልስ በቃል አስጠና። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ባስጠሩት ጊዜ ይዟቸው የቀረበው እነዚሁኑ ተማሪዎች ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ባዕዱ ካህን ያስተማራቸው ልጆች በገዛ ቋንቋቸው ሲመልሱ ሰምተው ተደነቁ። ትምህርትን በተማሪው መመዘን ዛሬ በየማሠልጠኛው የሚሰበክ ነገር ነው።

ዐፄ ዘድንግል የካቶሊክን ሃይማኖት በመውደድ የሰንበትን አከባበር በዐዋጅ ሊለውጡ ሲነሡ፣ ፓኤዝ እንዳይቸኩሉ መክሯቸው እንደነበረ ይነገራል። ምክሩ አልተሰማም፤ ንጉሡ በዚያው ዓመት በባርቻ ጦርነት ወደቁ። ዙፋኑን በኋላ የያዙት ዐፄ ሱስንዮስ ፓኤዝን አቀረቡት፤ በጎርጎራም መሬት ሰጡት።

ለማኅበራችን አባላት ይበልጥ የሚቀርበው የሕይወቱ ክፍል ይህ ነው። በ1614 ገደማ በጣና ላይ ወደ ውስጥ በገባው የመሬት ምላስ ላይ ለንጉሡ የድንጋይ ቤተ መንግሥት እንዲሠራ ተጠየቀ። ፓኤዝ በመሐንዲስነት የሠለጠነ ሰው አልነበረም። ሆኖም መዶሻውን፣ መሮውንና ሌላውንም መሣሪያ እንዴት እንደሚበጅ ለአንጥረኞች አሳየ፤ የአካባቢውን ሰዎች ድንጋይ መጥረብና ማስተካከል፣ እንጨትም ማገጣጠም ከእነሱ ጋር ቆሞ በገዛ እጁ እየሠራ አስተማራቸው። ኖራ ገና በሥራ ላይ ስላልዋለ ግንቡ የታነጸው በጭቃ ነበር፤ ለዚህም ነው የድንጋዩ አጠራረብ ያን ያህል ጥንቃቄ የጠየቀው። ቤቱ ባለ ፎቅ በመሆኑ ሰዉ ቤት በቤት ላይ ብሎ ሰየመው፤ ከሩቅ አገር እየመጣም ያየው ነበር። ፎቅ ለሚለው ነገር ገና ስም ባልነበረበት ሠራተኛውን ማዘዝ የቻለው ሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ ስለተናገረ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ከታሪኩ ልውጣ። ከጎንደር ደጋ ወደ ሳንጃ ቆላ ለመንገድ ወይም ለውሃ ሥራ የወረደ መሐንዲስ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ እስከ የት እንደሚሞላ ከካርታው አስቀድሞ የሚነግረው የታች አርማጭሆ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ግን የሚናገረው ለሚያከብረውና ለሚገባው ሰው ነው። ሙያችንን የተማርነው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ከግንበኛውና ከአናጢው ጋር ስንነጋገር ግማሹን ቃል በባዕድ ቋንቋ እንጥላለን፤ የእነሱን ቃል ደግሞ አልተማርነውም። ባዕዱ ፓኤዝ ያደረገውን እኛ የአገሩ ልጆች ሳናደርገው ስንቀር ቅር ያሰኛል።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ ፓኤዝ በ1618 በሚያዝያ ወር ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ወደ ጎጃም ተጉዞ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ጄምስ ብሩስ ከ150 ዓመት በኋላ ደርሶ ቀዳሚነቱን ሊክደው ሞክሯል፤ ክርክሩ እኛን አይመለከተንም። ይልቅስ የላቀው ሥራው መጽሐፉ ነው። በ1610 ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል የቫሌንሲያ መነኩሴ የኢትዮጵያን ምድር ሳይረግጥ፣ በወሬ ብቻ ስለ አገሪቱ በተአምር የተሞላ ታሪክ አሳትሞ ነበር። ፓኤዝ ይህን እንዲያርም ታዘዘና በፖርቱጋልኛ የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፈ። የነገሥታትን ዜና መዋዕልና የቅዱሳንን ገድል ከግእዝ እየተረጎመ፣ ያላየውን ያዩትን እየጠየቀ ሠራ።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ትዕግሥት እንደ የዋህነት መቁጠር ስሕተት ነው። ፓኤዝ ባህላችንን ያጠናው ሊለውጠው ነው። ከቤተ ክህነት ሊቃውንት ጋር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያደረገው ክርክር አገሩን ከፍሏል፤ በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ ያመፁትና በጦርነት የሞቱት እሱ በሕይወት ሳለ ነው። የሕዝብን ልማድ ማወቅ ለሕዝቡ ጥቅምም ለሌላ ዓላማም የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ባለሙያ ዐማርኛ በጥሩ ሁኔታ ስለተናገረ ብቻ የሚያመጣውን ነገር ሳንመረምር መቀበል አይገባንም።

ፓኤዝ በግንቦት 1622 በጎርጎራ በንዳድ ሞተ። በእሱ ፋንታ ጳጳስ ሆኖ የተላከውና በ1625 የደረሰው ፖርቱጋላዊው አልፎንሶ ሜንዴዝ በሥነ መለኮት ትምህርት የታወቀ መምህር ነበር። በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ለሮማ መታዘዛቸውን በይፋ አስታወቁ። ሜንዴዝም ወዲያው የተጠመቀው እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና እንዲካን፣ ግዝረት እንዲቀር፣ አጽዋማትና በዓላት በሮማ አቆጣጠር እንዲሆኑ አዘዘ። እዚህ ገጽ ላይ ዓመቱ እንደማን አቆጣጠር እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት ግድ የሆነበት ሰው፣ ይህ ትእዛዝ ገበሬውን ምን ያህል እንዳደናገረው መገመት አያቅተውም። ዐመፁ ከላስታ እስከ ጎጃም ተቀጣጠለ። በ1632 በወይና ደጋ ከፈሰሰው የገበሬ ደም በኋላ ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት በዐዋጅ መለሱ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ሜንዴዝና ባልንጀሮቹ ብዙም ሳይቆይ ተባረሩ። ፓኤዝ በ19 ዓመት የሰበሰበው ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ስለነበረ፣ ላኪው ማኅበር ለተተኪው እንደ ሥራ ደንብ አላስተላለፈለትም።

ዐፄ ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩ። የጎንደርን ግንቦች ያነጹት እጆች ከየት እንደመጡ፣ ከጎርጎራ የተማሩት ጠራቢዎችስ በሥራው ምን ድርሻ እንደነበራቸው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በጎርጎራ የሚታየው የማርያም ግንብ ፍርስራሽ በአብዛኛው ከፓኤዝ ሞት በኋላ የተሠራ ነው። መጽሐፉ ደግሞ 280 ዓመት ያህል በእጅ ጽሑፍ ቆይቶ በ1905ና በ1906 ሮማ ላይ ታተመ።