ሄንሪክ ዳም

ሄንሪክ ዳም እ.ኤ.አ. በ1895 በዴንማርክ ርዕሰ ከተማ በኮፐንሃገን ተወለደ። በዚያው ከተማ የኬሚስትሪ ትምህርቱን በ1920 ፈጽሞ በመምህርነትና በምርምር ሥራ ተሰማራ። ስሙን ያስጠራው ግን ሳይፈልገው ያገኘው ነገር ነው።

በ1929 ዳም ጫጩቶች ኮሌስተሮል የተባለውን ስብ መሰል ነገር በሰውነታቸው ውስጥ ራሳቸው ይሠሩት እንደሆነ ለማወቅ፣ ስቡ የወጣለት መኖ ይመግባቸው ጀመር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንዳንዶቹ ጫጩቶች ከቆዳቸው ሥርና ከጡንቻቸው ውስጥ ይደሙ ጀመር። ደማቸው ሲቀዳም ቶሎ አይረጋም። ሌላ ሰው ቢሆን የታመሙትን ጥሎ በሌሎች ይተካቸው ነበር፤ ዳም ግን ነገሩን ተከታተለ። ቪታሚን ሲ ሰጣቸው፤ አልዳኑም። ቪታሚን ኤና ዲ ያለበትን የዓሣ ጉበት ዘይት ጨመረላቸው፤ ለውጥ የለም። አረንጓዴ ቅጠልና የአሳማ ጉበት ሲመገቡ ግን መድማቱ ቀረ። በ1935 ይህን ያልታወቀ ንጥረ ነገር ቪታሚን ኬ ብሎ ሰየመው። ፊደሉ የተወሰደው በዴንማርክና በጀርመን ቋንቋዎች የደም መርጋት ከሚጠራበት ቃል ነው።

አንዳንድ ሕፃናት በተወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከእትብታቸው፣ ከአንጀታቸው፣ አልፎ አልፎም በአንጎላቸው ውስጥ ደም እየፈሰሳቸው ይሞቱ እንደነበር ሐኪሞች ቀድሞ ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልተገለጠላቸውም። ዳም ከባልደረቦቹ ጋር በ1939 የጨቅላ ሕፃናትን ደም መርምሮ የዚሁ ቪታሚን ጉድለት እንዳለባቸው አስረዳ። ቪታሚኑ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ የሚደርሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለውም አነስተኛ ነው፤ በአንጀት ውስጥ ቪታሚኑን የሚሠሩት ባክቴሪያዎችም ገና አልተባዙም። ስለዚህ እናቲቱ በአገራችን ጎመን፣ ወይም ብዙ ኢትዮጵያውያን በኖሩበት በካርቱም ዴም ሰፈር ሙሉኪያ የተባለውን የቅጠል ወጥ ብትመገብ ለራስዋ ይበጃታል እንጂ ለጨቅላው አይበቃውም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ጉበቱም ገና ያልጠና በመሆኑ አደጋው ይብስበታል።

በ1940 ዳም ንግግር ለማድረግ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ስለነበር እስከ 1946 በዚያው ቆየ። የ1943ን የኖቤል ሽልማት የተካፈለውም የቪታሚኑን ኬሚካዊ ባሕርይ ከመረመረው ከአሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚ ጋር ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ መዘዝ አላጣም። በ1950ዎቹ በየሆስፒታሉ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በፋብሪካ የተሠራ የቪታሚን ኬ ዓይነት በብዛት ይሰጥ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው እየፈረሱ ሰውነታቸው ቢጫ ሆነ፤ አንጎላቸው የተጎዳም ነበሩ። ያዳነው መድኃኒት እንዲህ ይጎዳል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ዓይነት ቀርቶ በቅጠል ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ተመረጠ፤ መጠኑም ተቀነሰ። ዛሬ ሕፃኑ እንደ ተወለደ በጭኑ ላይ የሚወጋው 1 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ እጅግ ትንሽ ሆኖ ለተወለደው ደግሞ እንደ ክብደቱ ይቀነሳል።

ዳም ይህ እርማት ሲደረግ በሕይወት ነበር። በ1976 በ81 ዓመቱ አረፈ።