ከምርኮ ማግሥት የተወለደው ቀራፂ

የጦር ድል የአንድን ሕዝብ መሬት ሊወስድ ይችላል፤ ትዝታውን ግን ባለቤቱ ራሱ ካልጣለው በቀር ማንም አይወስድበትም። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት ሰዎች አንዱ፣ በተለምዶ ቀይ ሕንዶች ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል የአፓቺ ነገድ ተወላጅ የሆነው ቀራፂ አለን ሃውዘር ነው። የሕይወቱን ታሪክ ከዚህ ቀጥለን ባጭሩ እንተርካለን፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

የሃውዘርን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ ከልደቱ በፊት የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። የቺሪካሁዋ አፓቺዎች በአሜሪካና በሜክሲኮ ወሰን ተራሮች ለብዙ ዘመን ሲዋጉ ከቆዩ በኋላ፣ ስመ ጥሩው ጀሮኒሞ በ1886 እጁን ሰጠ። የተቀጣው ግን የተዋጋው ብቻ አልነበረም። በሰላም ተቀምጠው የነበሩት ቤተሰቦች፣ ይባስ ብሎም ለአሜሪካ ጦር መንገድ እየመሩ ያገለገሉት አፓቺዎች ሳይቀሩ በባቡር ተጭነው ወደ ፍሎሪዳ ተጋዙ። ከዚያ ወደ አላባማ፣ በ1894 ደግሞ በኦክላሆማ ወደሚገኘው ፎርት ሲል ወደሚባለው የጦር ሠፈር ተዛወሩ። ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ። ጀሮኒሞም በ1909 እንደ ተማረከ ሞተ። የቀሩት ነፃነታቸውን ያገኙት ከተማረኩ ከ27 ዓመት በኋላ ነው።

የአለን አባት ሳም ከምርኮኞቹ አንዱ ነበር፤ እናቱ ብሎሰም ደግሞ የተወለደችው በዚያው በምርኮ ሳሉ በአላባማ ነው። አለን ራሱ ሰኔ 30 ቀን 1914 አፓቺ በምትባል የኦክላሆማ ከተማ አጠገብ ሲወለድ፣ ከቤተሰቡ ከምርኮ ውጭ የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ ሆነ። የቤተሰቡ ስም ሃኦዙስ ነበር፤ በትምህርት ቤት ግን ለእንግሊዝኛ አፍ እንዲመች ተብሎ ሃውዘር ተባለ። አባቱ ማታ ማታ የሚነግረውን የጦርነትና የአደን ታሪክ፣ የሚያዜመውንም የነገዱን ዜማ እየሰማ አደገ።

በ1934፣ ዕድሜው 20 ሲሆን፣ ሥዕል ለመማር ሳንታ ፌ ወደሚገኘው የሕንዶች ትምህርት ቤት ገባ። መምህርቱ ዶሮቲ ደን የሕንዶች ጥበብ እንዳይጠፋ ታስብ ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቿ ጥላና ርቀት የሌለበትን ጠፍጣፋ ሥዕል ብቻ፣ ያውም የነገዳቸውን ኑሮ ብቻ እንዲሥሉ ትፈልግ ነበር። ሃውዘር ከእርሷ ብዙ ቢያገኝም አጥሩ ጠበበው። በዓለም ጦርነት ጊዜ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በጉልበት ሥራ ሲተዳደር፣ ሄንሪ ሙርንና ብራንኩሲን የመሳሰሉ የዘመኑን ቀራፂዎች ሥራ አወቀ። በ1948 በጦርነቱ ለሞቱት ሕንዳውያን ወታደሮች መታሰቢያ የሚሆን የእብነ በረድ ሐውልት ለካንሳሱ የሃስኬል ትምህርት ቤት ሠራ። ከዚያ በፊት እብነ በረድ ጠርቦ አያውቅም ነበር።

ከ1951 እስከ 1962 በዩታ፣ ከዚያም በሳንታ ፌ በተከፈተው የአሜሪካ ሕንዶች የሥነ ጥበብ ተቋም እስከ 1975 ድረስ አስተማረ። ከታላላቅ ሐውልቶቹ ብዙዎቹን የሠራው ማስተማሩን ከተወ በኋላ፣ ዕድሜው ከ60 ካለፈ ወዲያ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ነሐስ ማፍሰስ ጀመረ። ድንጋይ ክንዱን ወደ አየር የዘረጋ ሰው አይመቸውም፤ የተዘረጋው ይሰበራልና። ነሐስ ግን በጭቃ ወይም በሰም የታሰበውን ቅርጽ ተቀብሎ፣ የተወጠረ ቀስት እንኳ ቢሆን ሳይሰበር ይይዛል። በ1988 የሠራው «የተቀደሰው የዝናብ ፍላጻ» የዚህ ምሳሌ ነው። በድርቅ ዘመን አንድ ወጣት አፓቺ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ደረቱን ገልብጦ፣ የሕዝቡን ጸሎት የምታደርሰውን ፍላጻ ወደ ሰማይ ያነጣጥራል።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመገመት ከሌላ ሐውልት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሃውዘር በተወለደ በዓመቱ፣ በ1915፣ ጄምስ ፍሬዘር የተባለ አሜሪካዊ «የመንገዱ መጨረሻ» ያለውን ሥራ በሳን ፍራንሲስኮ ኤግዚቢሽን አሳየ። ፈረሱ አንገቱን ደፍቷል፤ ሕንዳዊው ፈረሰኛም በፈረሱ ላይ ጎብጦ ሞቱን የሚጠብቅ ይመስላል። ለሕንዶች በማዘን የተሠራ ቢሆንም ፍርዱ አልቀረም፤ ይህ ሕዝብ አብቅቶለታል ይላል። የሃውዘር ሕንዳዊ ግን ቀና ብሎ ይመለከታል። እርሱም ተቸግሯል፤ ዝናብ ጠፍቶበታል፤ ነገር ግን ነገን የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህ ምስል ከ2009 ጀምሮ ለዓመታት በኦክላሆማ መኪናዎች ታርጋ ላይ ታትሞ ሲዞር ኖሯል። አባቱን በምርኮ ያኖረው ምድር የምርኮኛውን ልጅ ሥራ ምልክቱ አደረገ ማለት ነው።

በ1989 በዚያው በኦክላሆማ ምክር ቤት ግቢ የአንዲት ሕንዳዊት ሴት የነሐስ ሐውልት አቆመ። «ውሃው እስከ ፈሰሰ ድረስ» የሚለው ስሙ፣ መሬታቸው ለዘላለም የእነርሱ እንደሚሆን ለሕንዶች የተሰጠውንና የታጠፈውን ቃል ያስታውሳል። ስድብ የለበትም፤ ሕግ አውጪው በገባና በወጣ ቁጥር ግን ያየዋል።

በ1992 የአገሪቱን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳይ በመቀበል ከነባር ሕዝቦች የመጀመሪያው ሆነ። ነሐሴ 22 ቀን 1994 በ80 ዓመቱ በሳንታ ፌ አረፈ።

ሃውዘር አጥር ያበጀችለትን መምህርት ትምህርት አልናቀም፤ የባዕዱንም ዘመናዊ ጥበብ አልሸሸም። ሁለቱንም ወስዶ አባቱ ማታ ማታ ይነግረው የነበረውን ታሪክ ለመናገር አዋላቸው። እኛም በየመማሪያ ክፍሉ የምንሰበስበው ዕውቀት ምን ሊነገርበት እንደሆነ ልንጠይቅ ይገባናል። ልጆቹ ፊሊፕና ቦብ የአባታቸውን ሙያ ይዘው ቀራፂዎች ሆነዋል፤ የሚጠሩትም ትምህርት ቤት በሰጠው ስም ሳይሆን በአያታቸው ስም፣ ሃኦዙስ ተብለው ነው።